ዘውድ ያልደፋው የኮኪት ንጉሥ

ዝገት ማለት ማዕድን ከአየር፣ ከውሃና ከአፈር ጋር ብዙ ዘመን አብሮ ሲኖር በላዩ ላይ የሚያወጣው ቆዳ ነው። የማያውቅ ሰው ቆሻሻ ይለዋል። የሚያውቁት ሰዎች፣ ማለትም ትሪር በምትባል የጀርመን ከተማ በየወሩ አንድ ማክሰኞ በአንድ ቢራ ቤት ጓዳ ተሰብስበው የጥንት የሮም ሳንቲም በማጉያ መነጽር የሚያገላብጡት ሽማግሌዎች፣ ቆሻሻ ያለውን ሰው ዳግመኛ አይጋብዙትም። ነሐስ መሬት ውስጥ ሲያረጅ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ በጠነከረም ጊዜ የንጉሡ አፍንጫና ጆሮ፣ በዙሪያውም የተቀረጸው ስም፣ ከነሐሱ ወጥቶ ወደ ዝገቱ ይዛወራል። ከዚያ ወዲያ ፊቱ የሚኖረው እዚያ ነው። ዝገቱን የፋቀ ሰው ሳንቲም አጸዳሁ ይላል እንጂ ያደረገው ነገር ፊት መግፈፍ ነው። ይህን ለሳጂድ ያስረዱት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ አቶ ቤከር ናቸው። ሳጂድም በደንብ ገብቶታል። ጥፋቱ ይህንኑ ነገር መተማ ላለችው እህቱ ሳይነግራት መቅረቱ ነው።

አሁን እኩለ ቀን ነው፣ ለሱ ግን እኩለ ሌሊት ነው፣ ምክንያቱም ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ቀኑን በመጋረጃ ሸፍኖ ሌሊት ነው ብሎ ራሱን ማሳመን ይጠበቅበታል፣ ሳጂድ ደግሞ ራሱን በማሳመን በኩል ይህ ነው የሚባል ችሎታ የለውም። ጀርባው አልጋው ላይ፣ ስልኩ ደረቱ ላይ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ጠዋት ከሥራ ሲመለስ የእህቱ የሩፊዳ መልእክት ጠበቀው፤ አያ ፈረደ ከኮኪት መጥተዋል፣ አባም ዛሬ ትንሽ ቀና ብለዋል፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንደውላለን፣ ዛሬ መልሱን ሳትናገር ስልኩ አይዘጋም ትላለች። መልሱ። ከውጭ የቆሻሻ መኪናው ያጓራል፣ ዛሬ የወረቀት ቀን ነው ወይስ የፕላስቲክ፣ ታች ቤት ያለችው ጎረቤቱ ባለፈው የእርጎ ኩባያ ከወረቀት ጋር ደባልቀሃል የሚል ማስታወሻ በሩ ላይ ለጥፋበት ነበር፣ ማስታወሻውን ራሱን የት እንደሚጥለው ሲያሰላስል ብዙ ቀን ቆየ። የእርጎ ኩባያዎቹ ደግሞ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል፣ በየኩባያው ንጹሕ ውሃ አለ፣ በውሃው ውስጥ ከእሑድ ገበያ በርካሽ የገዛቸው ፊታቸው ያልታወቀ የነሐስ ሳንቲሞች ተዘፍዝፈዋል፣ ውሃው በየጊዜው ይለወጣል፣ አፈሩ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ነካ ነካ ይደረጋል፣ አንድ አፍንጫ ብቅ እስኪል ክረምት አልፎ በጋ ይመጣል። ጎረቤቱ የሆነ ነገር የሚያበቅል ይመስላታል። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጣው ቢባል፣ ከመጠበቅ ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃድ የጠበቀ ሰው ሳንቲም ቢጠብቅ አይደንቅም። ወደ ትሪርም የመጣው መርጦ አይደለም። አንዲት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሴትዮ ኮምፒውተሯን አይታ ትሪር አለችው፣ በቃ ትሪር ሆነ፣ የሮም ነገሥታት የኖሩባትና ገንዘብ ያስመቱባት ከተማ መሆኗን ያወቀው አውቶብስ ሲጠብቅ ከፊቱ የተገተረውን ያረጀ ጥቁር የድንጋይ በር ማን ሠራው ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው። ሮም ሲባል ልቡ ደነገጠ። በነሱ ቤት ሮም ማለት የሩቅ ሀገር አልነበረም፤ የአባቱ ዱካን ውስጥ፣ ከሚዛኑ ሥር ባለው መሳቢያ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ነገር ነበር።

ሳንቲሙ የወጣው ሳጂድ ሳይወለድ ነው። ሰሊጥ ገበሬው አያ ፈረደ የመተማ ጎረቤት በሆነችው ኮኪት አጠገብ አዲስ መሬት ሲያሳርሱ የትራክተሩ ዲስክ ጥቁሩን አፈር ገልብጦ ወደ ላይ አመጣው፣ እሳቸውም ከትራክተሩ ኋላ እየሄዱ ነበርና ከሰሊጡ በፊት እሱን አጨዱት። መተማ ይዘውት መጡ። መተማ ውስጥ የሁለት ሀገር ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ አብዱረሕማን፣ የሳጂድ አባት፣ ነው፣ ዱካኑ ከድንበሩ ኬላ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፣ ጨውና ሳሙና ባትሪም ይሸጣል፣ ከማዶ ከሱዳኗ ጋላባት የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ያ አብዱረሕማን እያለ ነው የሚገባ። ሳጂድ ይህን ከመስማት ብዛት ያየው ያህል ያየዋል፣ አሁን ራሱ ጣሪያው ላይ ያየዋል፣ አባቱ ወጣት ናቸው፣ ሪዛቸው ጥቁር ነው፣ ሳንቲሙን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡታል፣ አያ ፈረደ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ይቆማሉ።

«ይኸ የማን ነው?» ይላሉ አያ ፈረደ።

«የሞተ ሰው ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ንጉሥ ነው፣ ቆስጠንጢኖስ ነው። የእሌኒ ልጅ። ገልብጠው፣ ጀርባው ላይ መስቀል አለው።»

አባቱ ይገለብጡታል። በእርግጥም ጀርባው ላይ ሁለት እንጨት የተመሳቀለበት፣ መሐሉን ደግሞ አንድ ራሱ የቆለመመ በትር የሰነጠቀው ትልቅ ምልክት አለ። «ይሄ መስቀል ነው? ይሄማ የጆንያ ምልክት ነው። እኔም ሰሊጤ ከሰው ሰሊጥ እንዳይቀላቀል ጆንያዬ ላይ እንዲህ አደርጋለሁ። ቆስጠንጢኖስ ነኝ እንግዲህ? ይሄ ሂረቅል ነው። ነቢያችን ደብዳቤ የላኩለት የሩም ንጉሥ። ሸኹ ነግረውናል።»

«ንጉሥ ከሆነ ዘውዱ የታለ?»

«ደብዳቤው ሲደርሰው አወለቀዋ።»

«ያወለቀ መስቀሉ ሲመጣ ነው! ጨዋ ሰው ነው።»

ሰውየው በእርግጥም ራሱን አልሸፈነም። ጸጉሩ ወደ ኋላ የተበጠረ፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ዘውድ የለው፣ የአበባ ጉንጉን የለው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን ገልጦ ወደ ጎን ይመለከታል። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ራስ ተጨቃጭቀው አላልቅ ቢላቸው ሕግ አወጡ። የማን ንጉሥ መሆኑ በሚያውቅ ሰው እስኪፈረድ ድረስ አንድ ዓመት መተማ፣ አንድ ዓመት ኮኪት ይቀመጣል። ሰሊጥ ሲገባ ተራው ይለወጣል። በሰው አይላክም። ያስቀመጠው ሰው ራሱ ይዞ ይሄዳል፣ በእጁ ያስረክባል፣ አድሮም ይመለሳል። የተፈረደለት ለዘላለም ያስቀረዋል። ሕጉ እንዲህ ነበር፣ ምስክሩ ሚዛኑ ነበር፣ በየዓመቱም አንዱ አንዱ ዘንድ ያድር ነበር፣ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንዳያቃቅር በዚያ ቀን በሁለቱም ቤት ሽሮ ብቻ ይሠራ ነበር። «የሮም ንጉሥ ይዤልህ መጥቼ ሽሮ ታበላኛለህ?» ይላሉ አባቱ ኮኪት ደርሰው ከሰሊጥ መኪናው ሲወርዱ። «ንጉሡ ምን ቸገረው፣ ጥርስ የለው» ይላሉ አያ ፈረደ። ሳጂድ እስኪያድግ ድረስ ሽሮ የነገሥታት ምግብ ይመስለው ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ነው ተባለ፣ ሰሊጥ ገብቶ ሌላ ሰሊጥ ተዘራ፣ ከማዶም ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ከተማዋን ሞላት፣ ሳንቲሙ መተማ እንደ ተቀመጠ ተራው አለፈ። አባቱም ስኳራቸው ወደ ኩላሊት ገባ። ሐኪም አያቸውና ቤታቸው ይሁኑ አለ፣ ሐኪም ቤትዎ ይሁኑ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ አይጠፋውም፣ አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋቸውን፣ ዱካኑ ውስጥ አስገብተው ከጆንያዎቹ መሐል ተኙ፣ እዚያው ሆነው ሩፊዳ ስትሸጥ ሚዛኑን አያለሁ ይላሉ፣ ያያሉም። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ አስደወሉ። ሳጂድ፣ አንተ ያለኸው የሩም ከተማ ነው አሉ፣ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም፣ ሳልሄድ ይሄን ሰውዬ ማን እንደሆነ ንገረኝ፣ ፈረደም ባንተ ፍርድ ተስማምቷል። ሳልሄድ ያሉት ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ነው። ሳጂድ ሳንቲሙን ላኩልኝ አላለም፣ ቅርስ ነው፣ ከሀገር አይወጣም፣ የሆነ ሆኖ እሱ ራሱ የወጣው በሕግ ባይሆንም ንጉሡን ሊያስኮበልል አልፈለገም። ፎቶ አንሺልኝ አላት ሩፊዳን። በአረንጓዴ ዝገት የተሸፈነ፣ ትንሽ የተንቀጠቀጠ፣ አውራ ጣቷ ጥጉ ላይ የገባበት ፎቶ መጣ።

በማክሰኞው ስብሰባ አቶ ቤከር ስልኩን ይዘው ወደ መብራቱ ተጠጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። ሌሎቹ ቢራቸውን አስቀምጠው መጡ። ማግኔንቲዩስ፣ አሉ። ዘውድ የለውም፣ አየህ? ያን ዘመን ራሱን ሳይሸፍን በሳንቲም የሚቀረጽ እሱ ነው። ጀርባውም የሱ ነው። ከዚያ ጣታቸው ከምልክቱ ሥር ወዳሉት፣ በዝገቱ ውስጥ ወደሚጭለጨሉት ትናንሽ ፊደላት ወረደና ሽማግሌው ሳቁ፤ ይሄማ እዚህ ነው የተመታው አሉ፣ ከዚህ ቢራ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ። የት ተገኘ አልከኝ? ኮኪት፣ አላቸው ሳጂድ። ካርታ አወጡ። የማግኔንቲዩስ ነሐስ ወደዚያ አይሄድም አሉ። ሄዷል፣ አላቸው። አይሄድም፣ አሉ በትሕትና። ይህ ሰው የጦር አዛዥ ነበር፣ የባዕድ ልጅ ነው ይሉታል፣ ጌታውን አስገድሎ ምዕራቡን ያዘ፣ ብዙ ሳይቆይ ተሸነፈ፣ ወንድሙ ወደዚህች ከተማ ሲመጣ ሕዝቡ በር ዘጋበት፣ ንጉሡም በሰይፉ ወደቀ፣ ከዚያም ገንዘቡ እንዳይሠራ ታገደ። እንግዲህ ማን ነው ዕቃ የማይገዛ ሳንቲም ይዞ ያን ሁሉ ምድር የሚያቋርጥ ሲሉ ጠየቁ። ሳጂድ በካልሲው ውስጥ አድርጎ ባሕር ያሻገረው የሱዳን ገንዘብ፣ አንድ ጊኔ፣ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ለምን እንደያዘው ቢጠየቅ እሱም አያውቅም።

ያን ቀን መልሱን አወቀ። አልተናገረም። አሁን ጣሪያውን እያየ ለምን ብሎ ራሱን ሲጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው፣ ከአንድ ሞኝ ሐሳብ የተነሣ ነው፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው አይሞትም ብሎ አስቦ ነበር። አባቱ ጠዋት ጠዋት ይጠይቃሉ፣ ሳጂድ ምን አለ ይላሉ፣ ገና ነው ሲባሉ እንግዲህ እንቆይ ይላሉ፣ ይቆያሉ። ሐኪሙ የሰጣቸው ጊዜ አለፈ፣ እሳቸው አሉ። ስለዚህ ሳጂድ ሩፊዳ በደወለች ቁጥር ፎቶው አይለይም ይላታል፣ ዝገቱ ሸፍኖታል ይላታል፣ ያ ዝገት ነው የሚያስቸግረን ይላታል። ዝገቱ ላይ አሳበበ። ሩፊዳ ደግሞ ነገር ሰምታ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። መተማ ውስጥ ለእንግዳ የሚታይ፣ ለሙሽራ የሚሰጥ፣ ለዳኛ የሚቀርብ ነገር ታጥቦ ነው የሚቀርብ፣ ያልታጠበ ብር ማሳየት ሰውን መናቅ ነው። አንድ ቀን በቪዲዮ ደወለች፣ ፊቷ ስልኩን ሞልቶት፣ እየሳቀች።

«ሳጂድ፣ ዓይንህን ጨፍን።»

«ልተኛ ስል ነው የደወልሽ፣ ድሮም ጨፍኜ ነበር።»

«አሁን ግለጥ። አየኸው? መጀመሪያ በሎሚና በአመድ አሸሁት፣ እምቢ አለኝ። ከዚያ ደረበ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ለባትሪ የሚያደርጉት አሲድ ውስጥ ነክሮ አሳደረልኝ። እንደ ወርቅ አይደለም?»

በጣቶቿ መሐል ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የጠርሙስ ክዳን የመሰለ ነገር አለ።

«ገልብጪው እስኪ።»

«ይኸው።»

«ጀርባውን አይደለም። ፊቱን።»

«ይሄ ነዋ ፊቱ።» ገለበጠችው። መልሳ ገለበጠችው። ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች፣ ስልኩ ጆንያ አሳየው፣ ጣሪያ አሳየው፣ የአባቱን እግር አሳየው። «ቆይ... ይሄ ነው፣ አይ... ሳጂድ፣ እዚህ ጋ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«የት ሄደ?»

ታጥቦ ሄደ ሊላት ይችል ነበር። ቆሻሻው እሱ ነበር ሊላት ይችል ነበር። «ግድ የለም፣ ፎቶው ይበቃናል» አላት፣ እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳቅ የሚባል ነገር በስልክ አላሰማችውም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ትላለች፣ እሱም አይደለሽም ይላታል፣ ያጠፋው ማን እንደሆነ ግን አይነግራትም።

ስልኩ ደረቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቆሻሻ መኪናው ሄዷል። ያነሣዋል።

«ልጄ ሳጂድ፣ ፈረደ ነኝ። ስማኝ፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ደጃፍ ወጥቻለሁ።»

«አያ ፈረደ! እንዴት ሆነው መጡ? መንገዱስ?»

«እህል ጭነው ከሚመጡ መኪኖች ጋር ነዋ፣ የቀረውን በእግሬ። መንገዱን ተወው፣ መንገድ ሁልጊዜ መንገድ ነው። አባትህ አልቋል ልጄ። ጆንያ ውስጥ የገባ ነው የሚመስል። ለሱ ፍረድለት። ሂረቅል ነው በለው።»

«እርስዎስ? ቆስጠንጢኖስስ?»

«ቆስጠንጢኖስ ቢቀየመኝ እዚያው ስሄድ እንታረቃለን። እሱ ንጉሥ ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው። አባትህ ግን ተሸንፎ እንዳይሄድ። እሺ በለኝ።»

እሺ አለ። ደግሞ ምን ይላል? ከተፈረደ ሳንቲሙ መተማ ይቀራል፣ ከእንግዲህ ማንም ለማንም አይወስደውም፣ አንድም ሰው ሽሮ አይሠራም፣ አባቱ ግን አሸንፈው ይሄዳሉ። የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ሩፊዳ ስልኩን ተቀበለች፣ አንገረቡ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ረጅም ትንፋሽ።

«ሳጂድ።»

«አባ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ውያለሁ። በል ንገረን።»

«ሂረቅል ነው፣ አባ። እርስዎ ነዎት ልክ።»

አንገረቡ እንደገና ተንቋቋ።

«ፈረደ ደጅ ወጥቶ ምን አለህ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ስሸጥ ኖሬያለሁ። ሚዛን ላይ እጁን የጫነ ሰው አይጠፋኝም። እጅህን አንሣና ንገረኝ።»

ሳጂድ ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ። እግሩ ወለሉን ሲነካ ቀዘቀዘው። ማግኔንቲዩስ ይባላል አለ፣ እርስዎም አያ ፈረደም አላገኛችሁትም። በዚያኛው ጫፍ አያ ፈረደ «ምን አለ? የመድኃኒት ስም ነው የሚመስል!» ሲሉ ተሰማ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አባቱ።

«የባዕድ ልጅ ነው። አባቱ ከአንድ ሀገር፣ እናቱ ከሌላ ሀገር።»

«እንደ መተማ ሰው በለኛ። ብዙ ነገሠ?»

«ሦስት ዓመት ያህል። ከዚያ ተሸነፈ። ወንድሙን ይቺ እኔ ያለሁባት ከተማ በር ዘጋችበት። ንጉሡም ራሱን ገደለ።»

«ሐራም ነው» አሉ አባቱ ቀስ ብለው።

«ኃጢአት ነው» አሉ አያ ፈረደ ከኋላ። በዚህ ንጉሥ ጉዳይ ላይ ሁለቱ ሰዎች ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«በር የዘጋችበት አሁን አንተ ያለህባት ናት?»

«አዎ፣ አባ።»

«ላንተስ ከፈተችልህ?»

«ከፍታልኛለች» አለ፣ ቶሎ ብሎ። አባቱ ሚዛኑን አዩት፣ ሳጂድም እንዳዩት ገባው፣ ግን ያንን አለፉት።

«እንግዲህ አልተፈረደም ማለት ነው። የሱም አይደለም፣ የኔም አይደለም። ኸላስ፣ አለቀ። ተራው ያንተ ነው ፈረደ፣ እንካ። ያለፈውንም ተራ ጨምሬ ነው።»

ጨርቅ ሲፈታ ተሰማ፣ ወይም ሳጂድ የተሰማው መሰለው። ሩፊዳ «አያ ፈረደ፣ እኔ ነኝ፣ ላጥብ ብዬ...» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

«ምን ሆነ? ንጹሕ ሆኗል» አሉ አያ ፈረደ። «ይሻላል ልጄ። አሁን ማንንም ሊሆን ይችላል።»

አባቱ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ወደ ሳቅ፣ ከዚያ ማን ምን እንዳለ የማይለይ ጫጫታ ሆነ፣ ሽሮ የሚል ቃል ብቻ ለየ። ሲዘጉ ማንም ቻው አላለውም፣ ስልኩ ወደ ሌላ ነገር እንደዞረ ሰው ረስቶት ጠፋ።

ሳጂድ መልስ ስለሚጠብቅ ሰው ያሰበው ነገር ትክክል ሆኖ ተገኘ። አባቱ የሚጠብቁት ነገር አልነበረምና ሌላ ጁምዓ ሳያዩ ሄዱ። ያን ዕለት ሳጂድ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፣ ድብን ያለ እንቅልፍ፣ ሲነቃ ስልኩ ሩፊዳ ሩፊዳ ሩፊዳ ይላል፣ ከዚያ አንድ የማያውቀው ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ ሩፊዳ። በእስላም ደንብ ሬሳ አያድርም፣ ሲደውል ቀብሩ አልቆ ሰው እጁን እየታጠበ ነበር። የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን አወጣና አየው። ሰማያዊ ነው። ለሁሉም ሀገሮች ይሠራል ይላል፣ ከአንድ ሀገር፣ ከራሱ ሀገር በቀር፣ የዚያችንም ሀገር ስም በትክክል ጽፈዋል፣ የፊደል ስሕተት እንኳን የለበትም። ፋብሪካው ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጠው፣ ለአባት ስንት ቀን እንደሚሰጥ የሚናገር ደንብ አላቸው። በዕረፍቱ ቀናት በእግሩ ወደ ጥቁሩ በር ሄዶ ሥሩ ቆመ፣ የሰው መንጋ ፎቶ እየተነሣ ይገባል ይወጣል፣ የሚዘጋ መዝጊያ የለውም፣ በመሐሉ ባዶ ነው፣ አልፎት ገባ፣ ተመልሶ አልፎት ወጣ፣ ምንም አልሆነም። ማክሰኞ ደግሞ ወደ ስብሰባው ሄደ። አቶ ቤከር ስለ ሳንቲሙ ጠየቁት። አጠቡት፣ አላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው እንደ ለቅሶ ደራሽ ዝም አሉ፣ ከትሪር ሰው ለቅሶ የደረሱት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ የደረሱት ለየትኛው ሞት እንደሆነ ግን አላወቁም፣ እሱም አላረማቸውም።

ለሩፊዳ ግን ነገራት። ከአርባው በኋላ፣ አንድ ቀን፣ ዱካን ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት። ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም አላት። ሳታጥቢው በፊት አውቄው ነበር። ዝገቱ ምንም አላስቸገረኝም፣ ፊቱ የታየው በዝገቱ ነው። ከኋላዋ አንድ ሰው ገብቶ ሳሙና ሲጠይቅ ይሰማል፣ አልመለሰችለትም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ሰሊጥ ሲዘራ።»

«አባ በየጠዋቱ ሲጠይቁኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ገና ነው ስላቸው?»

«አዎ፣ ሩፊዳ። እንዲቆዩ ብዬ...»

ስልኩ ተቋረጠ። የመተማ ኔትወርክ በየሰዓቱ ይቋረጣል፤ ኔትወርክ መቋረጡና ሰው ስልክ መዝጋቱ ከትሪር ሆኖ አይለይም።

አያ ፈረደ የደወሉት ሰሊጥ ሊገባ ሲል ነው። ድምፃቸው ውስጥ ነፋስ አለ፣ እርሻው ላይ ቆመው ነው፣ ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነበር አሉ፣ ሠራተኛ ግን ጠፋ አሉ፣ ከዚያ ወደ ነገራቸው ገቡ።

«ተራው የመተማ ነው። ይሄን ሰውዬ ለማን ላምጣው?»

«ለሩፊዳ ይስጧት፣ አያ።»

«ጠየቅኳት። እኔ አንድ ጊዜ ነክቼው ይበቃኛል፣ ያወቀው ሰውዬ ይቀበልዎት አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?»

ሳጂድ ጥግ ጥጉን አየ። መስኮቱ ላይ ከአንዱ የእርጎ ኩባያ ውስጥ፣ ከብዙ ወራት በኋላ፣ አንድ ጆሮ ብቅ ብሏል።

«እንዲያው ነው» አለ።

«እንግዲያማ አንተ ና። ሕጉ በእጅ ነው፣ በሰው አይላክም። ባለቤቴን ካሰችን ሽሮ እንድትፈጭ ልበላት?»

«እመጣለሁ» አለ፣ ቶሎ ብሎ።

አያ ፈረደ ገበሬ ናቸው፣ ሚዛን አያውቁም። እሺ ልጄ አሉ።

ሰሊጡ ገባ። መንገዱም ለጥቂት ሳምንታት ተከፍቶ ነበር። ሳንቲሙ አሁንም ኮኪት ነው።